ሆያ ሆዬ፦ የቡሄ የግጥም ጨዋታ

ሆያ ሆዬ ወንዶች ልጆች በቡሄ ሰሞን በቡድን ሆነው ከቤት ቤት እየዞሩ የሚጫወቱት የግጥምና የዜማ ጨዋታ ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምታከብረው የደብረ ታቦር በዓል ጋር ይውላል።

የጨዋታው ውበት በአውራጁና በተቀባዮቹ ቅብብል ላይ ነው። አንዱ ስንኝ ያወርዳል፤ ሌሎቹ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ አዝማቹን ይመልሳሉ። ብዙው ግጥም ከታላላቆች በቃል የተወረሰ ቢሆንም፣ ጎበዝ አውራጅ የሚለየው ደጃፉ ላይ ቆሞ በሚፈጥረው ነው፤ የአባወራውን ደግነት፣ የእመቤቲቱን ሙያ፣ የቤቱን ሁኔታ አይቶ ቤት የሚመታ ስንኝ ወዲያው ይደረድራል። ይህን የሚያደርገው ፊደል በቅጡ ያልለየ ልጅ ሊሆን መቻሉ እጅግ ያስደንቃል። የተቀባዮቹም ድርሻ ቀላል አይደለም፦ አዝማቹ በሚመለስባት አፍታ አውራጁ ቀጣዩን ስንኝ ያሰናዳል፤ ምቱ ከላላ ግጥሙም ይሰበራል።

ለጨዋታው ከየቤቱ የሚሰጠው የጥንቱ ስጦታ ሙልሙል ዳቦ ነበር፤ ዛሬ በከተማ በአብዛኛው ገንዘብ ነው። ልጆቹ የተሰጣቸውን ተቀብለው፣ ቤቱን በዜማ መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። ያገኙትንም በመጨረሻ ይካፈላሉ።