ስም ያለው ቤት፣ ስም የሌለው እጅ

ስለ አሮጌ ቤቶቻችን የተጻፈውን ሳገላብጥ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ቤቱ የማን እንደ ነበረ፣ በአዳራሹ እነማን እንደ ተጋበዙ፣ በኋላም ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ተሰጠ በዝርዝር ይነገረናል። ቤቱ ራሱ ግን አይታይም። ራስ እገሌን እናውቃቸዋለን፤ በረንዳቸውን የሠራውን አናጢ አናውቀውም። ይባስ ብሎ በረንዳውንም ልብ ብለን አላየነውም።

የጣሪያውን ክፈፍ እንውሰድ። በአፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት አሥርት ዓመታት በአዲስ አበባ ከተሠሩት የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች በብዙዎቹ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ሳንቃ ይታያል። አላፊ አግዳሚው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጌጥስ ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ሥራም አለው። የክረምቱ ውሃ በሳንቃው ጥርሶች ጫፍ እየተሰበሰበ ከግድግዳው ርቆ ይንጠባጠባል። ድንጋዩ በጭቃ ለተያያዘ ግንብ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ቤቱን የሚዞረው በረንዳም እንዲሁ ነው፤ ግድግዳውን ከዝናብ ይጋርዳል፣ ባለጉዳይ ያስጠልላል፣ በውጭው ደረጃ ምድር ቤቱን ከፎቁ ያገናኛል።

ሙያው ከአንድ አገር ብቻ የመጣ አይደለም። እንደ ሐጂ ከዋስ ያሉ ህንዶች፣ እንደ ሚናስ ኸርበክያን ያሉ አርመኖች፣ ግሪኮችም ከአገሬው ግንበኛና አናጢ ጋር ሠርተውበታል። የጥቂቶቹ ስም ተርፏል፤ መጋዝና መሮ የያዙት የብዙኃኑ ግን ከቺፑዱ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል።

ስምን ብቻ መከተል የት እንደሚያደርስ ሐረር ትመስክር። ባለ ቀለም መስታወቱና በሥዕል ያጌጠ ጣሪያው ጎብኚ የሚስበው ቤት «የራምቦ ቤት» ይባላል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ የሞተው በ1884 ዓ.ም. ነው፤ ቤቱን ያሠራው ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ያልኖረበት ሰው ስሙን ወሰደ፤ ያሠራውና የሠሩት ተረሱ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያሻል?

በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ብዙዎቻችን የተናገርነው ስለ እቴጌይቱ ነበር። ስለ እንጨት ሥራው የጠየቀ ብዙ አልሰማሁም። በ2016 ዓ.ም. ሰፊ የፒያሳ ክፍል ሲፈርስም ክርክራችን «የትኛው ቤት የማን ነበር?» የሚል ነበር። ባለ ታላቅ ስም ቤት ጠበቃ አያጣም። የአንድ ተራ ነጋዴ ፎቅ ግን፣ ክፈፉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ማን ይሟገትለታል?

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልሻም። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ብዙ ትልልቅ ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፍለዋል። ልጆቹን የሚያስተኛበት ያጣ አባወራ በረንዳውን በቆርቆሮ ቢዘጋው ልወቅሰው አልችልም። የምወቅሰው «አድሰናል» እያለ የተፈለፈለውን ሳንቃ አውልቆ የቆርቆሮ መጥረቢያ የሚለጥፈውን፣ የጭቃውን ግንብ በሲሚንቶ አፍኖ እርጥበቱን ውስጥ የሚቀብረውን ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። ሆኖም ፈቃጁም ተፈቃጁም ያላዩትን ነገር የትኛው አዋጅ ያድነዋል?

ስለዚህ ከባለቤቱ የሕይወት ታሪክ ጎን ለጎን የክፈፉ፣ የመቃኑ፣ የደረጃው ልክና ፎቶግራፍ ይመዝገብ። አናጢው ስሙን አልጻፈልንም፤ ያስቀመጠልን ፊርማ እንጨቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱ ከተነቀለ ለሙዚየሙ የሚቀረው የሹማምንት ዝርዝር ይሆናል፤ እሱንማ ከዜና መዋዕሉም እናገኘዋለን።