የማማ ጉልበት ከየት ይመጣል?
«ኪንግደም ረሽ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የቀረበ ሂስ

ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ማማ ምን እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም። እህሉ እሸት ሲይዝ ልጁ ወንጭፉንና የጠጠር ክምሩን ይዞ ማማው ላይ ይወጣል፤ ወፉንና ዝንጀሮውን ሲያባርር ይውላል። ማማው የት እንደሚቆም የሚወስነው ግን አባቱ ነው፤ ዝንጀሮው በየትኛው ገደል በኩል እንደሚወጣ፣ ወፉ ከየትኛው ዛፍ ተነሥቶ እንደሚወርድ ለይቶ ያውቃልና። ክንደ ብርቱ ልጅ እንኳ ማማው ያለ ቦታው ከቆመ እህሉን አያድንም።

ይህን ያነሣሁት ስለ እርሻ ለመጻፍ ሳይሆን፣ ተማሪዎቻችን በእጅ ስልካቸው ስለሚጫወቱት፣ «ታወር ዲፌንስ» ስለሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ዓይነት ለመጻፍ ነው። በአማርኛ «የማማ መከላከያ» ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ጠላት በመንገድ እየተሰለፈ ይመጣል፤ ተጫዋቹ በመንገዱ ዳር ማማ ይተክላል፤ ማማው በራሱ ይተኩሳል። ተጫዋቹ ተኳሽ ሳይሆን ዐቃጅ ነው ማለት ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ይህ ጨዋታ የጊዜ ማባከኛ ነው የሚሉና የለም፣ አእምሮ ይስላል የሚሉ ባልደረቦች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከሁለቱም ወገን ጨዋታውን የሞከረው አልነበረም፤ እኔም እንደዚያው። አንድን ድርሰት ሳያነቡ መተቸት ነውር መሆኑን ለተማሪዎቻችን እየነገርን እኛው ስንፈጽመው ማየቱ ስላልተመቸኝ፣ በክረምቱ ዕረፍት አንዱን መርጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትሁት። ከዚህ በታች የማቀርበው ሂስ የዚያ ውጤት ነው።

የጨዋታው ዘር ራቅ ይላል። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው «ራምፓርት»፣ ግንብ የሚታጠርበትና መድፍ የሚተከልበት ጨዋታ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ቅድመ አያት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ዋርክራፍት 3» ደግሞ ተጫዋቾች የራሳቸውን ካርታ እንዲሠሩ ስለፈቀደላቸው፣ ብዙ የማማ ካርታዎች ከእነርሱ እጅ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፖል ፕሪስ የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ «ዴስክቶፕ ታወር ዲፌንስ»ን በኢንተርኔት አቀረበ። በዚህኛው የተሰመረ መንገድ የለም። ሜዳው ባዶ ነው፤ ማማዎቹ ራሳቸው ግድግዳ ይሆናሉ። ጠላት ምንጊዜም አጭሩን መተላለፊያ ይፈልጋል፤ ተጫዋቹም ማማዎቹን እያጠማዘዘ በመደርደር አጭሩን መንገድ ያስረዝምበታል። ፈጽሞ መዝጋት ግን አይፈቀድለትም።

ድንቅ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ብልጣ ብልጦች ቀዳዳ አገኙለት። ጠላት ወደ መውጫው ሲቃረብ አንዱን ማማ ሸጠው ሌላ በር ይከፍቱለታል፤ ጠላት አጭር መንገድ አገኘሁ ብሎ ወደ ኋላ ሲዞር በሩን መልሰው ይዘጉበታል። ሠራዊቱ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ሲል ያልቃል። ይህን ጥበብ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥያቄውን ሳይሠሩ በፈታኙ ስሕተት እንደ ማለፍ እቈጥረዋለሁ።

በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ የሚገኘው አይረንሃይድ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «ኪንግደም ረሽ» ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። መንገዱ ተሰምሯል፤ ማማ የሚተከልባቸው ቦታዎችም ቀድመው ተወስነዋል። ከእነርሱ ውጭ አንዲት ድንጋይ እንኳ ማኖር አይቻልም። ነፃነት የጠበበ ይመስላል። ነገር ግን ነፃነቱ በጠበበ መጠን ሐሳቡ ይጠራል፤ የቀረው ጥያቄ የትኛውን፣ የትና መቼ የሚል ብቻ ነውና። ማማዎቹ አራት ዓይነት ናቸው። የቀስተኞች ማማ በ70 ወርቅ፣ የወታደሮች ሰፈር እንዲሁ በ70፣ የአስማተኞች ማማ በ100፣ የመድፍ ማማ በ125 ወርቅ ይተከላሉ። ተጫዋቹ በ20 ነፍስ ይጀምራል፤ ጠላት አምልጦ በወጣ ቍጥር ነፍስ ይቀነስበታል።

ጀማሪ ምን ያደርጋል? ወርቁን እንዳገኘ 125 ቈጥሮ መድፍ ይተክላል። ውድ ስለሆነ ብርቱ ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ አድርጌ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብዙ ጊዜ ተሸንፌአለሁ። ከብዙ ሽንፈት በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የማማ ጉልበት በዋጋው ወይም በጥይቱ ክብደት ብቻ አለመለካቱ ነው። ጠላት በማማው ተኩስ ሥር ስንት ጊዜ ይቈያል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

የሒሳብ መምህር ነኝና አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተኩሱ የሚደርስበት ክልል ክብ ነው፤ ራዲየሱም 5 ክንድ ነው እንበል። ቀጥ ያለው መንገድ ከማማው 3 ክንድ ርቆ ቢያልፍ፣ በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት በክቡ ውስጥ የሚውለው የመንገድ ቁራጭ ግማሹ 4፣ ሙሉው 8 ክንድ ይሆናል። መንገዱ 4 ክንድ ርቆ ቢያልፍ ደግሞ ቁራጩ ወደ 6 ክንድ ይወርዳል። አንድ ክንድ ተራቅን ብለን ሩቡን ተኩስ አጣን ማለት ነው። አሁን መንገዱ እንደ ከዘራ ጫፍ ዞሮ ቢመለስና ማማው በሁለቱ ክንፎች መካከል ከእያንዳንዳቸው 3 ክንድ ርቆ ቢቆም፣ ጠላት ሲሄድ 8፣ ሲመለስ 8፣ በድምሩ 16 ክንድ በተኩስ ሥር ይጓዛል። የመታጠፊያው ርዝመት ሳይታሰብ መሆኑ ነው። ወርቁ ያው 70 ነው፤ ሥራው ግን ዕጥፍ ሆነ። ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በደረቁ ስሠራው የሚያንቀላፉ ልጆች፣ በማማ ሳሳያቸው ነቅተው ሲከራከሩ አይቻለሁ።

የጨዋታው ትልቁ ብልሃት ግን የወታደሮች ሰፈር ነው። ከሰፈሩ ሦስት ወታደሮች ወጥተው መንገዱ ላይ ይቆማሉ። በመግደል ብዙም አይታሙም። ሥራቸው ጠላትን ማስቆም ነው። በሴኮንድ አንድ ክንድ የሚራመድ ጠላት ያንን 8 ክንድ በ8 ሴኮንድ ያልፈዋል፤ ወታደሮቹ ለሌላ 8 ሴኮንድ ቢይዙት በተኩስ ሥር የሚቈየው 16 ሴኮንድ ነው። የቀስተኞቹ ማማ ምንም ሳይጨመርበት ጉልበቱ ዕጥፍ ሆነ። መድፉንም ያየን እንደሆነ፣ ጥይቱ ወድቆ እስኪፈነዳ ጊዜ ስለሚወስድ ፈጣን ጠላት አልፎት ይሄዳል። ጠላት ቆሞ ሲከማች ግን አንዱ ጥይት ብዙዎችን በአንድ ላይ ያገኛል። ስለዚህ በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ ደካማ የሚመስለው የሌሎቹ ሁሉ ጉልበት ምንጭ ሆኖ ይገኛል። ደራሲዎቹ ይህን በስብከት አይነግሩንም፤ ተሸንፈን እንድንደርስበት ይተዉናል። ለእኔ የሥራው ውበት ይህ ነው።

በዚህ ላይ ወታደሮቹ የሚቆሙበትን ነጥብ ተጫዋቹ በሰፈሩ ክልል ውስጥ እንደ ወደደ ሊያዛውር ይችላል። ብዙዎች ይህን ልብ አይሉትም። ወታደሮቻቸው ከማንኛውም ማማ ተኩስ ውጭ ብቻቸውን ሲሞቱ እያዩ፣ ወታደር አይረባም ይላሉ።

የጠላቱ ዓይነትም እንዲሁ በጥንቃቄ ታስቧል። አንዳንዱ ጥሩር የለበሰ ነው፤ ቀስት ብዙ አይጐዳውም፤ የአስማተኞቹ ምት ግን ጥሩሩን እንደሌለ ቈጥሮ ያልፋል። በአንጻሩ ጓደኞቹን እየፈወሰ የሚሄደው የጎብሊኖቹ ባለ መድኃኒት አስማትን ይቋቋማል፤ እርሱን የሚጥለው ተራው ቀስት ነው። በክንፍ የሚመጡት ደግሞ በወታደሮቹ አናት ላይ ያልፋሉ፤ ተራው መድፍም ቀና ብሎ አይተኩስባቸውም። በአንድ ዓይነት ማማ ብቻ ምሽጉን የሞላ ተጫዋች በሚቀጥለው ዙር ምን እንደሚመጣበት አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ስለ ወርቅ አያያዝ ብዙ አልልም። ያለውን ማማ ማሳደግ ይሻላል ወይስ አዲስ መትከል የሚለው እንደ ቦታው ነው፤ በጥሩ መታጠፊያ ላይ የቆመውን ማሳደግ በመጥፎ ቦታ ሌላ ከመትከል ይበልጣል። የሚቀጥለውን የጠላት ዙር ከጊዜው አስቀድሞ ለጠራ ተጫዋች ጨዋታው ተጨማሪ ወርቅ መስጠቱ ግን ሊጠቀስ ይገባል። ገበጣ የሚያውቅ ሰው ይህ ስሜት አይጠፋውም፤ ጠጠሩን ዛሬ ልዝራ ወይስ ላቆየው የሚለው ጭንቀት ነው።

እስከዚህ ያልሁት ምስጋና ነው። ወቀሳዬ በጀግኖቹ ላይ ነው። በስልክ በሚጫወቱበት እትም ተጫዋቹ ከማማዎቹ ሌላ አንድ ጀግና ያዝዛል። አንዳንዶቹ ጀግኖች ምዕራፍ እየታለፈ በነፃ ይገኛሉ፤ ሌሎቹ ግን በእውነተኛ ገንዘብ እንዲሸጡ ቀርበዋል። ጀግናው እንደ ወታደር ጠላትን ያስቆማል፤ ራሱም ይገድላል፤ እንደ ማማ በአንድ ቦታ አይታሰርም፤ ቢሞት ጥቂት ቈይቶ ይነሣል። የትኛውን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ የሚመልስ ሰው በመንገድ መካከል ቆመ ማለት ነው። ገንዘብ ሳይከፍሉ ጨዋታውን መፈጸም ይቻላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ስቱዲዮውም እንጀራ ያስፈልገዋል። ጨዋታው በጥንቃቄ የገነባውን ትምህርት በገዛ ሱቁ ማፍረሱ ግን ትልቅ ጉድለት ነው።

ይህ ለእኔ የሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሒሳብ ክበባችን ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች በአንድ ምዕራፍ ተወዳድረው ነበር። አንደኛው 20 ነፍሱን እንዳለ ይዞ ጨረሰ፤ ሁለተኛው በመጨረሻው ዙር ተሸነፈ። እኔም የአንደኛውን ስልክ ከፍ አድርጌ «ማቀድ ማለት ይህ ነው» ብዬ ለክበቡ አሳየሁ። ሁለተኛው ልጅ ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ከደብተሩ የቀደደውን ወረቀት ይዞልኝ መጣ። መንገዱን ሥሎታል፤ ቦታዎቹን በቍጥር ሰይሟቸዋል፤ ጠላት በእያንዳንዱ ሥር የሚቈይበትን ሴኮንድ በጓደኛው የእጅ ሰዓት ለክቶ ጽፎታል።

«ቲቸር፣ የእሱን ማማዎች አይተዋቸዋል?» አለኝ።

አላየኋቸውም ነበር። አንደኛውን ልጅ አስጠርቼ እንደገና ሲጫወት ተመለከትሁ። አራቱ ማማዎቹ በመውጫው አጠገብ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ተደርድረዋል፤ ወታደሮቹ ከሁሉም ተኩስ ውጭ ቆመዋል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ጀግናው ነው። ዱባይ ያለች አክስቱ በካርዷ ገዝታለት ኖሯል። ልጁ አላጭበረበረም፤ ጨዋታው የፈቀደለትን ነው ያደረገው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መልሱ ትክክል ሆኖ አሠራሩ ለሌለበት ወረቀት ግማሽ ማርክ ብቻ እየሰጠሁ ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ፣ በዚያን ዕለት የአንድን ልጅ አሠራር ትቼ የሌላውን ስልክ አረምሁ። በሚቀጥለው የክበቡ ስብሰባ ይህንኑ በሁሉም ፊት ተናገርሁ፤ ወረቀቱንም ሰሌዳው ላይ ለጠፍሁት።

ጨዋታው ራሱ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የሚሆን ነገር በውስጡ አለው። አንድን ምዕራፍ በሦስት ኮከብ ለጨረሰ ሰው ሌሎች ሁለት ፈተናዎች ይከፈቱለታል። በእነርሱ ነፍሱ አንዲት ብቻ ናት፤ አንድ ጠላት ካመለጠ አበቃ። የብረት ፈተና በሚባለው ደግሞ አንዳንድ የማማ ዓይነቶች ጭራሽ ይከለከላሉ። መድፍ የለም ሲባል ሰው ስለ መታጠፊያና ስለ ወታደር ማሰብ ይጀምራል። በእኔ አስተያየት የሥራው ምርጥ ክፍል ይህ ነው፤ ግን በስተኋላ ተደብቆ ስለሚገኝ ብዙዎቹ ተማሪዎች ሳያዩት ጨዋታውን ይተዉታል። ይህን ጨዋታ በክበብ ለመጠቀም ለሚያስብ መምህር የእኛን ደንብ ልንገረው። ጀግናው ከመንገዱ ርቆ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን በወረቀት ያስረክባል፤ ማርክ የሚሰጠው ለወረቀቱ ነው።

በዚህ ደንብ ሁለቱም ልጆች እንደገና ተጫወቱ። አንደኛው በመጀመሪያ ክፉኛ ተሸነፈና ተናደደ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ወታደሮቹን ወደ መታጠፊያው አዛውሮ መጣ። ባለ ወረቀቱ ልጅ የብረቱን ፈተና በአራተኛ ሙከራው አለፈ። ያም ሆኖ በሦስተኛው ቦታ ላይ የቀስተኞችን ሳይሆን የአስማተኞችን ማማ መትከል ነበረበት እላለሁ፤ ጥሩር ለባሾቹ በዚያ በኩል ናቸው የሚያልፉት። እርሱ ደግሞ የ30 ወርቁን ልዩነት እያነሣ ይሞግተኛል። እስካሁን አልተስማማንም።