ሲመለስ የሚቆጥር

ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ ፓርክ የወጣሁት አሮጌ የቤት ስልክ በፌስታል ይዤ ነው። የመደወያውን ድምፅ በደንብ ለመስማት ጸጥታ ያስፈልጋል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ጸጥታ የለም። እዚህ የዚፕላይኑ ጩኸት ሳይጀምር፣ ባሕር ዛፉ ብቻ ሲያፏጭ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይገኛል።

ስልኩ ጥቁር ባክላይት ነው፤ ድሮ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረው ዓይነት። ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ጣቴን ከትቼ እስከ ማገጃው ሳብኩና ለቀቅሁት። ክርርርር። ስስበው አንዳች አይናገርም፤ የሚቆጥረው ሲመለስ ነው። እየተመለሰ የመስመሩን ኤሌክትሪክ ዘጠኝ ጊዜ ቆርጦ ዘጠኝ ጊዜ ይቀጥላል። ዜሮ ከተደወለ አሥር ጊዜ።

ውበቱ ግን ከኋላው ነው። መደወያው ሲነቀል አንዲት ትንሽ የነሐስ ኩባያ ትታያለች፤ ውስጧ ሁለት ክብደቶች ይሽከረከራሉ። ሞላው ሊያጣድፋቸው ሲል ወደ ውጭ ተለጥጠው የኩባያዋን ግድግዳ ይፈትጋሉ፤ ፍትጊያው ይገታቸዋል። ሲዘገዩ ይሰበሰባሉ። የተናደደ ሰው ያዙረው እንቅልፍ የጣለው፣ የሚወጣው በሰከንድ አሥር ያህል ምት ነው። የሠራው ሰው የሰውን ጣት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለዚህም አላመነውም።

ይህን ልክ የሚሻው በመስመሩ ማዶ ያለው ማሽን ነው። አልሞን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ ቀብር አስፈጻሚ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት ካገኘበት ንድፍ ያደገው መራጭ፣ ምት በተቀበለ ቁጥር አንድ እርከን ከፍ የሚል ዘንግ ነው። ሦስት ከተደወለ ሦስት እርከን ይወጣል፤ ከዚያ በራሱ ወደ ጎን እየዞረ ያልተያዘ መስመር ይፈልጋል። የመጨረሻው መራጭ ሁለት ቁጥር ይቀበላል፦ በአንዱ ይወጣል፣ በሌላው ይዞራል፤ አሥር በአሥር፣ መቶ ቤት። ምቱ ቢፈጥን ዘንጉ አይደርስበትም፤ ቢዘገይ ቁጥሩ ያለቀ ይመስለዋል።

የአገራችን የስልክ ታሪክ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ከተዘረጋው መስመር። ምኒልክ ያኔ ከዚህ ጋራ ወርደው ከተማቸውን ታች ቆርቁረዋል። የዚያን ዘመን መራጭ ስልከኛው ነበር፤ ጆሮም ነበረው።

ወላጆቻችን መደወያው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ቁልፍ ያንጠለጥሉ ነበር። ቁልፉ የሚይዘው ክቡን እንጂ መስመሩን አይደለም፤ የእጀታውን ማረፊያ በልኩ መታ መታ ያደረገ ልጅ መደወል ይችላል። ማሽኑ መስመሩ መቆረጡን እንጂ ማን እንደቆረጠው አያውቅም። እኔ ሦስት ቁጥር አድርሼ አራተኛው ላይ እሳሳት ነበር፤ እጄ ውስጥ ያቺ የነሐስ ኩባያ የለችማ!

የድሮውን ስድስት ቁጥራችንን አንድ በአንድ አዞርኩ። ፈረስ የሚያከራይ ልጅ ልጓሙን እንደያዘ አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሠራል?»

«መደወያው ይሠራል።»

«እስቲ አንዴ ላዙረው» አለና ዜሮ ላይ ጣቱን ከተተ። ከማገጃው እንደደረሰ ጣቱን ሳያወጣ ክቡን እየገፋ ሊመልሰው ሞከረ።

«ልቀቀው፤ ራሱ ይመለሳል።»