የሚቀልጠው ጀግና

የሰሜን አሜሪካ ልጆች በብርድ ወራት የሚዘምሯቸው ታዋቂ መዝሙሮች እንደሚመስሉት ጥንታዊ የሕዝብ ዜማዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ለሸክላ ገበያ የተጻፉ ናቸው። አፍንጫው የሚያበራው አጋዘን ሩዶልፍ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. ሮበርት ሜይ የተባለ የማስታወቂያ ጸሐፊ ለአንድ የንግድ ድርጅት ባዘጋጀው፣ ለደንበኞች በነፃ በታደለ መጽሐፍ ነው። በ1949 ጆኒ ማርክስ ዜማ ሰጠው፤ ጂን ኦትሪም ዘፈነው። ይኸው ድምፃዊ በተከታዩ ዓመት ፍሮስቲ የተባለውን የበረዶ ሰው ይዞ ብቅ አለ። ከገበያ መወለዳቸው ግን ለመናቅ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ሩዶልፍን በአጭሩ ልለፈው። ጓደኞቹ የሚወዱት የጉድለቱ ጥቅም ከታወቀ በኋላ ነው፤ ይህን ለልጅ ማስተማር የሚገባ አይመስለኝም።

ፍሮስቲ ግን ሌላ ነው። ልጆች የሠሩት ሰው ነፍስ ይዘራል፤ ፀሐይ እንደምታቀልጠው ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ለጨዋታ ይቸኩላል። እመለሳለሁ ብሎ ይሄዳል። በእኛ ቋንቋ በረዶ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሰብል የሚያጠፋው ነውና፣ እንደ አመዳይ በዝምታ የሚወርደውንና የልጅ መጫወቻ የሚሆነውን ለማሰብ ጥቂት ጥረት ያስፈልገናል። ሞትን እንዲህ በፈገግታ የሚነግር የልጆች መዝሙር ግን በየትም አገር ብርቅ ነው።

በ1954 ዩ.ፒ.ኤ. የተባለው ስቱዲዮ ይህን መዝሙር ሦስት ደቂቃ ያህል በሚፈጅ የጥቁርና ነጭ ካርቱን ሠራው። መሥመሩ ጥቂት፣ ሥዕሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከዜማው አልፎ ለመናገር አይሞክርም። በ1953 የወጣችው ሱዚ ስኖውፍሌክም እንዲሁ ናት። እሷ አሻንጉሊት ናት፤ በጥቂት በጥቂቱ እየተንቀሳቀሰች ምስል በምስል ተነሥታለች። እንቅስቃሴዋ ይንተባተባል፤ ይህም ለአንዲት የበረዶ ብናኝ አልከፋባትም። የቺካጎ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት በየገናው ሲያሳያት የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1969 ራንኪንና ባስ ፍሮስቲን ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ አራዘሙት። ዘመን ሲረዝም ባላጋራ ያስፈልጋልና ባርኔጣውን የሚፈልግ ሂንክል የተባለ ምትሃተኛ ተጨመረ። በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ታላቅ ትዕይንት አለ፦ ፍሮስቲ በብርድ የምትንቀጠቀጠውን ልጅ ለማዳን ሙቀት ወዳለበት የመስተዋት ቤት ያስገባታል፤ እሷን የሚያድናት ሙቀት እሱን ይገድለዋል። ማንም ተውኔት ጸሐፊ ይህን ቢያገኝ ይደሰታል። ደራሲው ግን በራሱ ግኝት የደነገጠ ይመስላል። በሩን ሂንክል እንዲዘጋው በማድረጉ የፈቃድ መሥዋዕትነቱ የሌላ ሰው ወንጀል ሆነ። ቀጥሎም የገና አባት ከውጭ መጥቶ፣ ይህ የገና በረዶ ፈጽሞ አይጠፋም ብሎ፣ የቀለጠውን ያስነሣዋል። በመዝሙሩ ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው የሚሸከሙት መለያየት እዚህ በአዋቂ ተሸፈነባቸው። የጂሚ ዱራንቴ ሻካራ ድምፅ ትረካውን ባያሞቀው ኖሮ ጉዳቱ ይበልጥ በታየ ነበር።

ለልጆች ቴሌቪዥን የሚጽፉ ባልደረቦቼ ሁለቱን ፍሮስቲዎች ጎን ለጎን ቢያዩ እወዳለሁ፤ ከ1954ቱ ቢጀምሩ ይሻላል።