ቁልፉ የማን ነው?

በእኛ ቋንቋ መቆለፊያውም መክፈቻውም «ቁልፍ» ነው። «ቁልፉ የታለ?» ሲሉን የትኛውን እንደሆነ የምናውቀው ከነገሩ ሁኔታ ነው። አሜሪካዊው ጆናታን ሳፍራን ፎየር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመውን፣ ርእሱ በግርድፉ «እጅግ የሚጮህ፣ ለማመን የሚያስቸግር ቅርበት» ሊባል የሚችለውን ልብወለድ ሳነብ ይሄ ነገር አልለቅህ አለኝ።

ኦስካር ሼል የዘጠኝ ዓመት የኒውዮርክ ልጅ ነው። አባቱ የሞተው መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል በዋልንበት ዕለት፣ መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲፈርሱ ነው። ልጁ አንድ ቀን የአባቱን ቁም ሣጥን ሲበረብር ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ይሰብርና ፖስታ ውስጥ ቁልፍ ያገኛል። ፖስታው ላይ «ብላክ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጭ ብሎ ያሰላል፤ ኒውዮርክ ውስጥ 162 ሚሊዮን ገደማ መቆለፊያ አለ። ብላክ የሚባል ሰው ደግሞ 472። በቃ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በየደጁ ማንኳኳት!

እውነት ለመናገር ደራሲው አንዳንዴ ያበዛዋል። ፎቶግራፉ፣ ባዶው ገጽ፣ በቀይ ቀለም የተከበበው ቃል... መጽሐፍ ነው ትርኢት ያሰኛል። እናትየው ፍለጋውን ቀድማ ታውቅ ነበር መባሉም ትንሽ ተመቻችቷል።

የቁልፉ መጨረሻ ግን ሌላ ነው። ለካስ አባትየው ያን የአበባ ማስቀመጫ የገዛው ከሌላ ሟች ቤት የዕቃ ሽያጭ ኖሯል! ቁልፉም ዊልያም ብላክ ለሚባል ሰው አባቱ የተወለት የባንክ ካዝና መክፈቻ ነው። ኦስካር ካዝናው ውስጥ ያለውን ለማየት እንኳ አይሄድም። «ታዲያ ያ ሁሉ ልፋት ለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ልብወለዱን ያዳነው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ካዝናው ውስጥ የአባት ደብዳቤ ቢገኝ ኖሮ አልቅሰን፣ አፍንጫችንን ጠርገን መጽሐፉን እንዘጋው ነበር።

የተቆለፈው ሌላ ነዋ! አባትየው በዚያች ጠዋት እየደጋገመ ቤት ደውሎ ድምፁን ትቷል። ልጁ ስልኩን ደብቆ፣ እናቱ እንዳትሰማ ተመሳሳዩን ገዝቶ ተክቷል። የመጨረሻው ጥሪ ሲመጣ እዚያው ነበር፤ ማንሳት አቃተው። ይህን የሚተነፍሰው ቁልፉን ላስረከበው ለዊልያም ብላክ ነው፤ ለማያውቀው፣ ግን እሱም አባቱን ለቀበረ ሰው። ይቅር እንዲለውም ይለምነዋል።

ሬሳው ያልተገኘ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ «እርሙን እንዲያወጣ» እኛ ዘንድ ለቅሶ ይቀመጣል። የኦስካር አባትም የተቀበረው በባዶ ሣጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ድሬስደን በቦምብ ስትነድ ፍቅረኛውን ያጣ፣ ቃል እየከዳው ሄዶ ጭራሽ ዝም ያለ አንድ ሽማግሌ አለ፤ አያቱ መሆኑን ልጁ አያውቅም። ሁለቱ በሌሊት መቃብሩን ቆፍረው ሣጥኑን ይከፍቱታል። ሽማግሌው ለልጁ ሲጽፍ የኖረውን፣ ያልላከውን ደብዳቤ ሁሉ ይሞላበታል። ደግሜ ደግሜ የማነበው ያንን ገጽ ነው።