የሕዋስ ማዕረግ

ከታማሚ ቆዳ የተቆረጠ ሥጋ በፎርማሊን ረግቶ፣ በሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ ከአንድ ሚሊሜትር 200ኛውን እጅ ያህል ሳስቶ ከተላጠና በሰማያዊና በሮዝ ቀለም ተነክሮ በመስተዋት ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ነቀርሳ መሆኑ ሲታወቅ፣ በአጉሊ መነጽር ፊት የተቀመጠ መርማሪ ቀጥሎ የሚጠይቀው ሕዋሱ ከተፈጠረበት ግብር ምን ያህል እንደ ራቀ ነው። የቆዳ ሕዋስ ግብሩ ከታች ተወልዶ፣ ከባልንጀራው ጋር በቀጫጭን ድልድይ ተያይዞ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ኬራቲን የሚባለውን ጠንካራ ነገር አበጅቶ መሞት ነውና፣ ነቀርሳ ከሆነ በኋላ እንኳ ይህን ያልዘነጋው፣ በሥጋ መካከል ጠልቆ ሳለ፣ እንደ ሽንኩርት እየተደራረበ ሮዝ ሉል ይሠራል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም. የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪም አልበርት ብሮደርስ 537 የከንፈር ነቀርሳዎችን መርምሮ ይህን ርቀት በአራት ማዕረግ ከፈለው፤ ከሕዋሳቱ ሦስት አራተኛው ያህል ግብራቸውን ሲጠብቁ አንደኛ፣ ሁሉም ለማለት በሚቻል መጠን ሲረሱት አራተኛ ተባለ። ዛሬ ብዙዎቻችን በሦስት ብቻ እንለያለን፤ ሩቡን ከግማሽ ለመለየት የሁለት መርማሪዎች ዐይን ዘወትር ስለማይስማማ፣ እኔም ይህን ማሳጠር እደግፋለሁ።

በልጅነቱ እሳት ላይ ወድቆ የተቃጠለ፣ የእግሩም ጠባሳ ከብዙ ዘመን በኋላ ቆስሎ አልድን ያለው የአንድ ገበሬ ሥጋ ከዐይኔ አይጠፋም። በመጀመሪያው መስተዋት ላይ ሉሉ በዝቶና አምሮ ስላየሁት አንደኛ ማዕረግ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ልቤ አላርፍ ብሎኝ ሰሙን ወደ ውስጥ ዘልቀው እንዲቆርጡልኝ አዝዤ ስመለከት፣ ከአንድ ጥግ፣ ሉልም ድልድይም የሌላቸው፣ አስኳላቸው አብጦ የጠቆረ ሕዋሳት አንድ ነርቭ እንደ መቀነት ከብበው አገኘኋቸው። ማዕረግ በከፋው ሥፍራ እንጂ ባማረው እንደማይሰጥ ከመጽሐፍ ተምሬው ነበር፤ ያመንሁት ግን ያን ቀን ነው። ነርቭ መነካቱና የነቀርሳው ጥልቀትም፣ ከማዕረጉ ባላነሰ፣ የበሽተኛውን ዕጣ ስለሚወስኑ፣ ሦስቱን ለይቼ ሳልጽፍ ፊርማዬን አላኖርም።

ሥጋ የምትልኩልን ሐኪሞች ሆይ፤ ከቁስሉ አፍ ላይ ብቻ ጭራችሁ አትላኩ፤ ከጠርዙና ከጥልቁ ቁረጡ፤ ጠባሳውም የስንት ዓመት እንደ ሆነ በወረቀቱ ላይ ጻፉልን።