«ማጣበቅ» ወይስ «ብየዳ»? ስለ ፕላስቲክ ሙያ ቃላት የቀረበ ሂስ

ለአንድ የሙያ ተግባር ስያሜ የሚያወጣ ሰው ሁለት ዳኞች አሉበት። አንደኛው የቋንቋው ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛው በዚያ ስያሜ እየተመራ በእጁ የሚሠራው ባለሙያ ነው። ስያሜው በመጀመሪያው ዳኛ ፊት ቢያልፍም በሁለተኛው ፊት ከወደቀ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የፕላስቲክ አካላትን በሙቀትና በግፊት እርስ በርሳቸው ወይም ከሌሎች መሰል ቁሶች ጋር አንድ የማድረግን ተግባር የሚመለከቱ ቃላትን ነው። ለዚህ ተግባር በአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቃል «ማጣበቅ» ነው። ሂሳችንም የሚያርፈው በዚሁ ቃል ላይ ነው፤ ጠባያቸው የተለያየ ተግባራትን በአንድ ከረጢት ስለሚከት ሠራተኛውን ያሳስታል እንላለን።

ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም። «አጣበቀ» የ«ላላ» ተቃራኒ ከሆነው «ጠበቀ» ጋር ይዛመዳል፤ ሁለት ነገሮችን በመካከላቸው በሚገባ ሦስተኛ ነገር ማያያዝን ያመለክታል። ወረቀት ከወረቀት በሙጫ ይጣበቃል፤ የጫማ ሶል ከቆዳው በማስቲሽ ይጣበቃል። በዚህ ሁሉ ሁለቱ ነገሮች ሁለት እንደ ሆኑ ይቀራሉ፤ ያያያዛቸው ማጣበቂያ ከደከመ እንደ ቀድሞው ይለያያሉ። ቃሉ ይህን ጠባይ በትክክል ይገልጻል፤ ችግሩ የሚነሣው ይህ ጠባይ ለሌለው ሥራ ስንሰጠው ነው።

ፕላስቲክ በሙቀትና በግፊት ሲጋጠም በመካከል የሚገባ ሦስተኛ ነገር የለም። የፕላስቲክ ሞለኪውሎች እንደ ክር የረዘሙ ናቸው። ሙቀት ሲያገኙ ይላላሉ፤ ሁለቱ የለዘቡ ገጾች ሲጫኑ የአንደኛው ክሮች ወደ ሁለተኛው ዘልቀው ይጠላለፋሉ፤ ሲቀዘቅዙም እንደ ተጠላለፉ ይጸናሉ። አገርኛ ምሳሌ ካስፈለገ ፈታይ ሴት አለችልን። ክሩ ሲበጠስባት የተበጠሰውን ጫፍ ከባዘቶው ጋር አገናኝታ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ጭረቱ ከጭረቱ ይያያዛል፤ ቋጠሮም ሙጫም አያስፈልገውም። በደንብ ከፈተለችው የት ላይ እንደ ተበጠሰ መለየት ያስቸግራል። ፕላስቲክ በሙቀት ሲጋጠም የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ሥራው ከተሳካ በሁለቱ መካከል ድንበር አይኖርም።

ይህ ልዩነት የቃላት ሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀ ነበር። ነገር ግን ከመሬት በታች የሚቀበረውን የውሃ ቧንቧ ይነካል። ለውሃ ማስተላለፊያ የሚሠራበት ጥቁር የፖሊኤቲሊን ቧንቧ በሙጫ አይያዝም። የፖሊኤቲሊን ገጽ ማናቸውንም ማጣበቂያ ለመቀበል እጅግ አዳጋች ነው፤ ለጊዜው የተያዘ ቢመስልም ውሃው በግፊት ሲመጣ ይላቀቃል። ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። የሁለቱ ቧንቧዎች አፍ ተልጎ ይስተካከላል፤ ከ200 እስከ 235 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ሳህን ላይ ሁለቱም ይደገፋሉ፤ ጠርዛቸው ሲለዝብ ሳህኑ በፍጥነት ይወጣና አፍ ለአፍ ይጫናሉ፤ ከዚያም ግፊቱ ሳይነሣላቸው ራሳቸው እስኪቀዘቅዙ ድረስ ይቆያሉ። «ቧንቧዎቹን አጣብቅ» የሚል መመሪያ ያነበበ ወጣት ሠልጣኝ ሙጫ ፍለጋ ቢሄድ ጥፋቱ የማን ነው? የእርሱ አይደለም፤ ቃሉ ያዘዘውን ፈጽሟል።

በቤት ውስጥ ለሙቅ ውሃ የሚዘረጋው የፖሊፕሮፒሊን ቧንቧም እንዲሁ በሙቀት ይጋጠማል። መሣሪያው ወደ 260 ዲግሪ ይግላል፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ለ5 ሴኮንድ ያህል ይሞቅና ሳይሽከረከር ቀጥ ብሎ ወደ መጋጠሚያው ይገፋል። የፒቪሲ ቧንቧ ግን በሌላ መንገድ ይያያዛል። የሚቀባው ፈሳሽ በሱቅ «ሙጫ» ቢባልም ሥራው የሙጫ አይደለም፤ የቧንቧውን ገጽ አሟሙቶ ሁለቱን ያዋሕዳል፤ ፈሳሹም ተንኖ ይሄዳል። እንግዲህ ሙጫ በመካከል የሚገባበት፣ ሙቀትና ግፊት የሚያዋሕዱት፣ ፈሳሽ የሚያሟሙው ሦስት ልዩ ልዩ ተግባራት አሉን። አማርኛ «ቀለጠ» እና «ሟሟ» ብሎ ቅቤን ከጨው ለይቶ ሲናገር የኖረ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህን ሦስቱን በ«ማጣበቅ» መጠቅለሉ የድህነት ምልክት አይደለም፤ የስንፍናችን ምልክት ነው።

ቃል የሚፈልግ ሰው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ሥራው ወደሚሠራበት ሰፈር ጆሮውን ቢያዘነብል ይጠቀማል። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአምቦ መንገድ የሚገኘውን ሳንሱሲን ለአብነት እንውሰድ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ርቆ በ1930ዎቹ ለከተማው ውሃ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ አለ፤ የቧንቧ ነገር ለአካባቢው ባዳ አይደለም። እንዲህ ባለ መንገድ ዳር የብረት በር የሚበይደው፣ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው፣ ጫማ የሚጠግነውና ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አራቱም ነገርን ከነገር ያያይዛሉ፤ ለየሥራቸውም የተለየ ግሥ አላቸው። በያጁ ይበይዳል፤ ቧንቧ ሠራተኛው ይገጥማል፤ ጫማ ሠሪው ይሰፋል፣ ያጣብቃል፤ ጎሚስታው ይለጥፋል። በመጽሐፍ የጠፋው ልዩነት በመንገድ ላይ አለ ማለት ነው።

የጎሚስታው ሥራ በተለይ ሊጤን ይገባዋል፤ እርሱም ሙቀትና ግፊት ይጠቀማልና። የተበሳውን ከመነዳሪ ይፍቃል፤ ጥሬ ጎማ ያለብሰዋል፤ በጋለ ብረት ጠፍንጎ ያቆየዋል። ላዩን ሲታይ ከፕላስቲክ ቧንቧው ሥራ ጋር አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። የከመነዳሪው ጎማ አንድ ጊዜ በድኝና በሙቀት የበሰለ ስለ ሆነ ዳግመኛ አይቀልጥም። በሙቀቱ የሚለወጠው በመካከል የገባው ጥሬ ጎማ ነው፤ እርሱ ሲበስል ልጥፉን ከነባሩ ጋር ያስራል። ስለዚህ ጎሚስታው ሥራውን «መለጠፍ» ማለቱ ትክክል ነው፤ ይህን ተግባር ከሌላው ጋር የምንቀላቅል እኛ ነን።

ከዚህ አንድ ከፍ ያለ ጥያቄ ይወለዳል። በሙቀት የሚለዝቡትንና አንድ ጊዜ ከበሰሉ የማይመለሱትን ቁሶች በምን ስም እንለያቸው? ረጅም ሐረግ ለመጽሐፍ ቢሆንም ለአፍ አይመችም። ሰምና ሸክላ ግን በእያንዳንዱ ቤት አሉ። ሰም ቢቀልጥ ይረጋል፤ ቢረጋም ተመልሶ ይቀልጣል። ሸክላ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ እሳት አይመልሰውም፤ ከተሰበረም ገል ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን «ሰምጠባይ»፣ ሁለተኛዎቹን «ሸክላጠባይ» ብንላቸው ተማሪው ፍቺውን ሳይነገረው ግማሹን ያውቀዋል። የሚበየደው ሰምጠባይ ብቻ ነው። ለድስት እጀታ የሚሠራበት ባክላይት የሚባለው ጥቁር ቁስ ሸክላጠባይ ነው፤ በእሳት ሊያያይዘው የሚሞክር ሰው ያከስለዋል እንጂ አይጠግነውም።

ሕዝቡ ፕላስቲክን የሚጠራው በጠባዩ ሳይሆን በዕቃው ነው፦ ጀሪካን፣ ፌስታል፣ ላስቲክ፣ ሃይላንድ፣ ማዳበሪያ፣ ኮንጎ። ይህ አጠራር የሚናቅ አይደለም፤ ጀሪካን ሲል ፖሊኤቲሊንን፣ ሃይላንድ ሲል ፔት የሚባለውን፣ ማዳበሪያ ሲል የፖሊፕሮፒሊን ጆንያን በአብዛኛው ለይቶ መጥራቱ ነውና። የተሰነጠቀ ጀሪካን በጋለ ቢላዋና በፌስታል ቁራጭ ሲደፈን የሚይዘው ሁለቱም የፖሊኤቲሊን ዘር ስለ ሆኑ ነው። በሃይላንድ ቁራጭ ለመድፈን የሞከረ ሰው ግን አይሳካለትም፤ ዘራቸው ይለያያል። በ1970ዎቹ የበረሃ ተዋጊዎች ሺዳ የሚባለውን የፕላስቲክ ጫማ ማሰሪያው ሲበጠስ በእሳት ባጋሉት ብረት መልሰው ያያይዙት ነበር። ይህ ዕውቀት በእጅ አለ፤ የጎደለው በጽሑፍ የሚይዘው ቃል ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚስማማው ቃል «ብየዳ» ነው የሚል እምነት አለን። ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡበት ይችላሉ።

አንደኛ፣ «ብየዳ የብረት ነው» ይባል ይሆናል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ አስቀድሞ አንጥረኛው ሁለት ብረት በወናፍ አግሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ በመዶሻ እየደበደበ አንድ ሲያደርግ በሙቀትና በግፊት ማያያዙ አልነበረምን? እንዲያውም የፕላስቲኩ ሥራ ለአንጥረኛው ጥበብ ከዛሬው የኤሌክትሪክ ብየዳ ይልቅ ይቀርባል።

ሁለተኛ፣ «ፊውዥን» የሚለው የውጭ ቃል በሥራው ቦታ ስለ ተለመደ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኛ ውሰት ቃልን አንጠላም፤ ሞርሳንና ካቻቢቴን፣ ጎሚስታንም ራሱን ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገናል። እነዚህ ግን ስሞች ናቸው። የተግባር ቃል ግሥ ሆኖ መርባት አለበት፤ «ፊውዥን» በአማርኛ «ማድረግ»ን ካልተደገፈ መንቀሳቀስ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ከግዕዝ ቆፍሮ አዲስ ቃል ማውጣትን የሚመርጡ አሉ። ግዕዝ ለአማርኛ የማይነጥፍ ምንጭ መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን ሠራተኛው የሚያውቀው ሕያው ቃል እያለ የማያውቀውን ማምጣት ውሃ ካለበት ቤት ጉድጓድ መቆፈር ነው።

«በየደ» ደግሞ ርቢው ለጋስ ነው። ተበየደ፣ አስበየደ፣ በያጅ፣ መበየጃ፣ ብይድ ይላል። ከሁሉ በላይ «ተበያየደ» አለው። በዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ «የትኛው ከየትኛው ጋር ይስማማል?» የሚለው ነው። ፖሊኤቲሊን ከፒቪሲ አይበያየድም፤ ከፖሊፕሮፒሊንም አስተማማኝ ሆኖ አይበያየድም። ዘራቸው ሳይሆን ጠባያቸው የተቀራረበ ጥቂቶች ግን ይበያየዳሉ፤ ለመኪና የኋላ መብራት የሚሠራበት አክሪሊክ ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ ጋር መበየዱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሌላ ቋንቋ በረጅም ሐረግ የሚገልጸውን ይህን የእርስ በርስ ስምምነት አማርኛ በአንድ ግሥ ይናገረዋል። ሙቀቱ በሳህን ፈንታ ከሰበቃ ወይም ከድምፅ ሞገድ ሲመነጭም «የሰበቃ ብየዳ»፣ «የሞገድ ብየዳ» ብሎ መቀጠል ይቻላል።

ሂስ አፍራሽ ብቻ እንዳይሆን ለውይይት የሚከተሉትን ፍቺዎች እናቀርባለን።

ብየዳ (የፕላስቲክ)፦ ሰምጠባይ የሆኑ አካላትን በሙቀት አለዝቦ በግፊት አንድ ማድረግ።
ማጣበቅ፦ ሁለት አካላትን በመካከላቸው በሚገባ ማጣበቂያ ማያያዝ።
አሟሙቶ መግጠም፦ የአካላቱን ገጽ በፈሳሽ አሟሙቶ ማዋሐድ፤ ለምሳሌ የፒቪሲ ቧንቧ።
መለጠፍ፦ የበሰለ ጎማን በጥሬ ጎማ አማካይነት በሙቀትና በግፊት መጠገን።
ማሸግ፦ የስስ ላስቲክን አፍ በሙቀትና በግፊት መዝጋት።
ከንፈር፦ ሁለት ቧንቧዎች አፍ ለአፍ ሲበየዱ ጠርዛቸው ወደ ውጭ ተገልብጦ የሚሠራው ክብ ዕብጠት።
ጥሬ ብየዳ፦ ሙቀቱ ወይም ግፊቱ ያነሰው፣ ላዩ የተያያዘ መስሎ ውስጡ ያልተዋሐደ ብየዳ።
ያረረ ብየዳ፦ ሙቀት በዝቶበት ቁሱ የተጎዳ ብየዳ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ አንድ ቃል እንጨምር። ጥሬና ያረረ ማለት የምጣድ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ሙያ አደጋዎች ሁሉ የከፋውን በግልጽ ያሳያል። ጥሬ ብየዳ ከንፈሩ አምሮ ዓይንን ያታልላል፤ ተቀብሮ አፈር ከለበሰ በኋላ፣ ምናልባትም ከዓመታት ቆይታ ኋላ፣ ይከፈታል። ያን ጊዜ መንገዱ ይቆፈራል፤ ሰፈሩም ውሃ አጥቶ ጀሪካን ተሸክሞ ይሰለፋል። «ጥሬ ነው» የሚል ቃል በአፉ ያለው ተቆጣጣሪ ጉድለቱን ከመቅበሩ በፊት ስም ሊሰጠው ይችላል፤ ስም ያልተሰጠው ጉድለት ግን በቀላሉ ይታለፋል።

ስለዚህ ለቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ መጻሕፍት የሚያዘጋጁ፣ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱና መዝገበ ቃላት የሚያሰናዱ ሁሉ «ማጣበቅ»ን ለሙጫው እንዲተዉለት እናሳስባለን። ያቀረብናቸው ስያሜዎች በመንገድ ዳር በሚሠሩት እጆች ይፈተኑ፤ በያጁ፣ ቧንቧ ሠራተኛውና ጎሚስታው ሰምተው ያልተቀበሉት ቃል ካለ ይሰረዝና በእነርሱ ቃል ይተካ።